የአርባ ሦስት ሰው ኮሶ

በእኛ አገር ሰው መስደብ ያማረው ሁሉ ቀድሞ አፉ ላይ የሚመጣለት «ኮሶ ሻጭ» የሚለው ነው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ የሚውጠው እሱ፣ ሆዱ ውስጥ ትል የሚቀልበው እሱ፣ ትሉን የምታወጣለት ሴት ደግሞ ተሰዳቢ! እትዬ ዘይቱናን በዚህ ስድብ ሲሰድባቸው የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የገዛ ባላቸው አያ ኑርሁሴን ነበሩ። ሁለት ወር ቆይቶ ኮሶ ሲታያቸው ወደ ሚስታቸው መጡ። እትዬ ዘይቱናም «ሻጭ ፈልግ፤ እኔ ሸጬ አላውቅም» ብለው አራት ቀን ሙሉ አስለመኗቸው።

እውነታቸውን ነበር። እትዬ ዘይቱና ኮሶ ያጠጣሉ እንጂ አይሸጡም። የተሻለው ሰው አንድ ቁና ገብስ ይዞ ከመጣ ይቀበላሉ፤ ባዶ እጁን ከመጣም «አላህ ጤናውን ይስጥህ» ብለው ይሸኙታል። ሁለተኛ ባዶ እጁን ሲመጣ ግን ምርቃቱ ያጥራል።

መንደራችን ወይራ አምባ ከገራዶ በላይ ዳገቱ ላይ ናት፤ ደሴ ለመድረስ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። እስላሙም ክርስቲያኑም ተቀላቅሎ የሚኖርባት፣ አንዱ የአንዱን ቀብር የማይቀርባት ቦታ ነች። የእትዬ ዘይቱና ቤት ከሁሉም በላይ፣ ኮሶ ዛፎቹ አጠገብ ነበር። ከቤታቸው እስከ ገደሉ አፋፍ ያለው ቁጥቋጦ ለሌላው ሰው ዱር ነው፤ ለእሳቸው ግን ጓዳ ነበር። ለልብስ ማጠቢያ እንዶዱን፣ ለወተት ዕቃ ማጠኛ ጥንጁቱን፣ ለምች ዳማከሴውን፣ ለድስት መፈግፈጊያ ግራዋውን፣ ሁሉንም ዓይናቸውን ጨፍነው ያመጡታል። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ደግሞ ሳማ እጅ ሳይለበልብ እንዴት እንደሚቀጠፍ፣ ስንት ጊዜ ውሃው ተደፍቶ እንደሚቀቀል፣ የትኛው የዱር ቅጠል ለልጅ እንደሚሆንና የትኛው እንደማይሆን ቤት ለቤት እየዞሩ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። እኔ ዛሬ ይህን የምጽፈው ያን ሳማ በልቼ ነው።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ከሦስት ግንድ አንዱን ቆርጦ ሁለቱን መተው። ሁለተኛው፣ መድኃኒት ባለበት ውሸት አለመናገር። ይህን ሁለተኛውን ከአባታቸው ነው የወረሱት። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ እጃቸውን ይዘው «መዳኒት ሰጪ ከዋሸ እጁ ይሞታል፤ የነካው አይሽርም» አሏቸው። እትዬ ዘይቱና ይህን ያምኑ ነበር። እኛ በምናምነው ዓይነት አይደለም፤ እሳት ያቃጥላል ብሎ ሰው እንደሚያምነው ነበር።

አሁን ስለ ኮሶ ቀን ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠራም። ጠዋት በባዶ ሆዱ ያን መራራ ጨልጦ ቤቱን ይዘጋል፤ እስኪያሽረው፣ ማርከሻው አጥሚት እስኪመጣለት ድረስ ሰው አያይም፣ ሰውም አያየውም። በጃንሆይ ጊዜ ጭቃ ሹሙ እንኳ ሊከስ መጥቶ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ከደጃፍ ይመለስ ነበር። ዳኛ ቀጠሮ ያዛውርለታል። አማት ይቅር ትለዋለች። ታዲያ ሰው ፊት መቆም ያልፈለገ ሰው ሁሉ በዚች በር ይሾልካል። ውሸት እንደሚኖርበት ሁሉም ያውቃል፤ «እውነት ጠጥተህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው። የጨዋ አገር ውሸት ብዬ እጠራዋለሁ እኔ።

በ1978 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ክፉው ቀን አልፎ፣ ዝናቡ ተመልሶ፣ ገብሱም ስንዴውም ገብቶ ሰው ፊቱ ላይ ደም መታየት ጀምሮ ነበር። እኔ ፈንታሁን የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ የገበሬ ማህበሩ ጸሐፊ ነኝ። በመንደሩ ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩ እኔ ብቻ ስለነበርኩ እንጂ ለሥልጣን የሚያበቃ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ሊቀመንበሩ አያ ሀምዱ ማንበብ ስለማይችሉ ማህተሙን እሳቸው ይይዛሉ፣ ብዕሩን እኔ።

ሰኞ ዕለት ከሩቅ ወሬ መጣ። ከገራዶ ማዶ ያለ ቀበሌ ሰው «ዘይት ይታደላል» ተብሎ ለስብሰባ ተጠራ፤ ከስብሰባው ሜዳ በቀጥታ ኡራል መኪና ላይ ተጫነ፤ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ሰፈራ፣ ወደ ምዕራብ። አንዱ ከነሚስቱ ሄደ፣ አንዱ ሚስቱ ወንዝ ወርዳ ሳለች ሄደ። ረሃቡ በጠናበት ወቅት ቢሆን ስንቱ በፈቃዱ ይሄድ ነበር፤ ሄዷልም። አሁን ግን ጎተራው ውስጥ እህል አለ። ሰው እህሉን ትቶ የት ይሂድ?

ማክሰኞ የእኛ ጥሪ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከትልቁ ወይራ ሥር፣ አባወራና እማወራ በሙሉ። ጥሪውን በየጎጡ የሚለጠፈው ወረቀት ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። «ማንም እንዳይቀር» የምትለዋን ከሥሯ በሁለት መስመር ያሰመርኩባትም እኔው ነኝ። የእጄ ጽሑፍ ያምራል ይሉኝ ስለነበር ለማሳመር ነበር። እንዲህ ያለ ጅል ነበርኩ።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ከወይራው ሥር ሦስት ሰዎች ተቀምጠናል፤ አያ ሀምዱ፣ እኔና ከደሴ የመጣው ካድሬ ጓድ ደምመላሽ። ቀጭን፣ መነጽራም፣ የደሴ ፒያሳ ልጅ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከዚያ የአያ ኑርሁሴን ጎረቤት ጣይባ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብቅ አለች።

«አያ ኑርሁሴን እንዳይጠብቁኝ ብለዋል። ኮሶ ጠጥተዋል።»

ጻፍኩ። ጥቂት ቆይቶ የእንየው ሚስት አልጣሽ መጣች። «እንየው ኮሶ ጠጥቷል።» ጻፍኩ። የእንድሪስ ሚስት ከሪማ መጣች። «እንድሪስ ኮሶ ጠጥቷል።» ጻፍኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ አንገቴን ማቃናት አቃተኝ። አያ ሀምዱ ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ፤ ሰማይ ላይ ምንም አልነበረም። አራት ሰዓት ሲሆን በመዝገቡ ካለው አርባ ሦስት ቤት አንድም ሰው አልመጣም፤ አርባ ሦስት ጊዜም «ኮሶ ጠጥቷል» ብዬ ጽፌያለሁ።

ወላሂ አልተማከሩም ብለው አያ ሀምዱ ኋላ ምለው ነግረውኛል፤ እኔም አምናለሁ። ተማክረውማ ቢሆን አንዱ ወገቤን፣ አንዱ ሐዘን ደርሶብኝ፣ አንዱ በሬ ጠፍቶብኝ ባለ ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው አስቦ፣ ለብቻው ብልጥ ሆኖ፣ አርባ ሦስቱም አንዲት በር ላይ ተገናኙ።

ደምመላሽ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ጓድ ጸሐፊ፣ እዚህ መንደር ዘንድሮ ስንት በሬ ታርዷል?»

«አንድም አልታረደም ጓድ።»

«አምናስ?»

«አምናማ የሚታረድ የት ነበረና።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሥጋ ያልቀመሰ ሰው ኮሶ ከየት አመጣ?» ወረቀቱን መለሰልኝ። «እኔ ኮሶ የጠጣ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እናቴ በየሁለት ወሩ ታጠጣኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ለቤት እንዞራለን። ሳይጠጣ ጠጣሁ ያለ ሰው ስብሰባን ያሰናከለ ፀረ አብዮት ነው፤ ቅዳሜ መኪኖቹ ሲመጡ የሚጫነውም ቀድሞ እሱ ነው። ኮሶ የምታጠጣው ሴት ማናት?»

አያ ሀምዱ አሁንም ሰማዩን ያያሉ። እኔ ተናገርኩ። ባልናገርስ ማን ያጣዋል?

«እሷም ትመስክር። በሐሰት ከመሰከረች ደሴ ወርዳ ትጠየቃለች» አለና ሊያርፍ ከአያ ሀምዱ ጋር ወደ ቤታቸው ሄደ።

እኔ ወደ ላይ ሮጥኩ። እትዬ ዘይቱና ደጃቸው ላይ እንዶድ ይወቅጡ ነበር። አያ ኑርሁሴን ከቤቱ ኋላ ሞፈር ሲጠርቡ የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ ዘይቱና፣ አለቀልን!»

«አብሽር። መጀመሪያ ተንፍስ።»

ነገርኳቸው። መውቀጡን አቆሙ።

«ስንት ሰው አልክ?»

«አርባ ሦስት።»

«በእኔ ኮሶ ስም?»

«በእርስዎ ኮሶ ስም።»

«ኑርሁሴንስ?»

«እሳቸው እንኳ መጀመሪያ የተጻፉት ናቸው።»

ከቤቱ ኋላ የመጥረቢያው ድምፅ ቀጥ አለ።

እትዬ ዘይቱና ተቆጡ። በካድሬው መስሎኝ ነበር፤ በእኛ ነው። «ሌላ ውሸት ጠፍቶ ነው? ወገቤን አትሉም? ጥርሴን አትሉም? ከመዳኒቴ ላይ ምን አወጣችሁ!» ብለው ዘነዘናውን ወረወሩት። ከዚያ እግሬ ሥር ቁጭ አሉና ድምፃቸው ወረደ። «አልጠጡም ካልኩ መንደሩ ይጫናል። ጠጥተዋል ካልኩ እጄ ይሞታል። ስሙኝማ፣ ወይ አገር ወይ እጄን ምረጪ ነው የሚሉኝ?»

ከልቤ አፈርኩ። ደሴ እስር ቤት መውረዳቸውን አንድም ጊዜ አላነሡም፤ ያስጨነቃቸው እጃቸው ነበር።

ቀና ብለው ፀሐይዋን ለኩ።

«ስምንት ሰዓት ነው የሚዞረው?»

«አዎ።»

«አሁን አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ኮሶ ለማሻር ስንት ሰዓት ይፈልጋል?»

«እንጃ።»

«ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ተነሥ። ያን ማድጋ አውርድ። ጣይባንና ከሪማን ጥራልኝ፣ ወፍጮ ላይ ይቀመጡ። ውሸቱን እነሱ አምጥተውታል፤ እኔ እውነት አደርግላቸዋለሁ።»

የዓመቱን ኮሶ ከጣራው ሥር አወረዱት። ከሴቴዋ ዛፍ የተለቀመ፣ በጥላ የደረቀ፣ በገመድ የታሰረ ቀይ አበባ ነው። ተፈጨ፣ በውሃ ተመታ። «ማደር ነበረበት፤ ባያድርም አያሳፍረኝም» አሉ። ሰዉ ከክፉ ቀን ገና መውጣቱ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ግማሽ መጠን እንዲበቃ በትንሿ ቅል ለኩ። እኔ ማድጋውን ተሸከምኩ፣ እሳቸው ቅሏን ያዙ፣ ከገዛ ቤታቸው ጓሮ ጀመርን።

አያ ኑርሁሴን ሞፈሩን እንደያዙ ቆመዋል። «ዘይቱና፣ እኔ እኮ ለነገሩ ያህል...»

«ቢስሚላህ በልና ጠጣ።»

ጠጡ። ፊታቸው ተጨማደደ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እትዬ ዘይቱና ቅሏን ተቀብለው ሳይተነፍሱ ወደ ታች ወረዱ።

የዚያን ቀን ያየሁትን ለልጅ ልጅ እነግረዋለሁ። እንድሪስ፣ በሬ የሚያህል ሰው፣ ከጎታው ኋላ ተሸጉጦ ተገኘ። «ቁርሴን በልቻለሁ እትዬ፣ በባዶ ሆድ አይደለም እንዴ የሚጠጣው?» ሲል «የበላኸውን መልሰህ ታየዋለህ» አሉት። ታየውም። እንየው ደግሞ «እኔን ሆዴን ያመኛል» አለ። «ይህን ነበር ጠዋት መላክ!» ብለው ቅሏን አፉ ላይ ደገኑበት። የሰማንያ ዓመቷ እማማ አባይነሽ ጋ ስንደርስ እትዬ ዘይቱና ቆም አሉ። እማማ አባይነሽ እማወራ ናቸው፤ ስማቸው ወረቀቱ ላይ አለ። በዚያ ዕድሜ ኮሶ ማጠጣት ግን ሰው መግደል ነው። ጣታቸውን ማድጋው ውስጥ ነክረው የአሮጊቷን ከንፈር አስነኩ። «ላሱት እማማ። አንድ ጠብታም ኮሶ ነው።» እማማ አባይነሽ ላሱና «ምነው፣ እኔንስ ንቀሽኝ ነው?» ብለው ተቀየሙ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ማድጋው ባዶ ሆነ። ስምንት ሰዓት ላይ ደምመላሽ ከአያ ሀምዱ ጋር ሲወጣ መንደሩ የጦር ሜዳ ይመስል ነበር። በየጓሮው ሰው ተሰይሟል። አንዱ አጥር ይዞ ያቃስታል፣ አንዱ ከበሩ ወጥቶ ሳይጨርስ ተመልሶ ይሮጣል። ካድሬው የመጀመሪያዎቹን አምስት ቤቶች ገብቶ አየ፤ ከስድስተኛው ጀምሮ ከደጃፍ እያሸተተ ያልፍ ጀመር። እንድሪስ ከእርሻው ዳር ተንበርክኮ «ጓድ፣ ይቅርታ... ቆሜ ሰላም...» ብሎ ሳይጨርሰው ሸሸ።

በመጨረሻ እትዬ ዘይቱና ፊት ቆምን።

«እናቴ፣ ስንት ሰው ኮሶ አጠጡ?»

«በዚህ እጄ፣ ዛሬ፣ አርባ ሦስት ሰው።»

«በአላህ ይምላሉ?» አለ፤ ፈጣሪ የለም እያለ በየስብሰባው የሚያስተምር ሰው።

«ወላሂል አዚም።»

«ሥጋ ሳይበሉ ኮሶ ከየት መጣባቸው?»

«ልጄ፣ ኮሶ ረሃብ አያውቅም። ሰውየው ሲከሳ እሱ ይወፍራል። በዚያ ክፉ ቀን እኛ ሳማ በላን፤ እሱ እኛን በላ።»

ደምመላሽ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። በስንት ሰዓት እንዳጠጧቸው አልጠየቀም። ቢጠይቃቸው እሳቸው እውነቱን ይናገሩ ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። እኔ «ረሳው፣ ተመስገን!» አልኩ በሆዴ።

«እንግዲህ ስብሰባው ለቅዳሜ ተዛውሯል» አለ። «ጠዋት አንድ ሰዓት። መኪኖቹም ያኔ ይደርሳሉ። በሦስት ቀን ሁለተኛ ኮሶ የሚጠጣ ካለ እዚያው እናያለን።»

ደስታችን ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላም። በሦስት ቀን ሁለተኛ ኮሶ መጠጣት ሞት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ኮሶውም አልቋል። ከሰዓት በኋላ አጥሚት ለማደል ቤት ለቤት ስዞር ሰው ሁሉ ተኝቶ ጣራ ያያል። «በቃ እንግዲህ» ይላል አንዱ። «ልጆቹን ለማን እንተዋቸው?» ትላለች ሌላዋ። የእንየው ሚስት አልጣሽ ዘር የሚሆነውን ገብስ በከረጢት ትቋጥር ነበር፤ የት ልትዘራው እንደሆነ እኔም አልጠየቅኳት። ያን ሁሉ ምሬት ለከንቱ ያጠጣናቸው መሰለኝ።

ማድጋውን ልመልስ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስወጣ ደምመላሽ ከእትዬ ዘይቱና ደጃፍ ድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አያ ሀምዱን «ንፋስ ልቀበል» ብሎ ጥሏቸው መምጣቱ ነው።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አላቸው። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። «ቅዳሜ ጠዋት ጸሐፊው ወደ መንገዱ ይውረድ። አዛዡ ሲጠይቀው ደምመላሽ ኮሶ ጠጥቷል ይበል። እርስዎም ከተጠየቁ ጠጥቷል ይበሉ። እኔ ያልፈረምኩበት ስም መኪና ላይ አይወጣም።»

እኔ የሰማሁትን አላመንኩም። እትዬ ዘይቱና ግን ትክ ብለው አዩት።

«ለምን?»

«ያኛው ቀበሌ ላይ አንዲት አሮጊት የመኪናውን ብረት ይዛ አልለቅም አለች። ጣቷን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።» የሸሚዙን ጫፍ ማሻሸት ጀመረ። «ዛሬ ደግሞ ያን መራራ ጠጥተው ከአጥር ጋር የሚታገሉ ሰዎች አየሁ። ለመቅረት ሲሉ። በስንት ሰዓት እንደጠጡ የማላውቅ ይመስልዎታል?»

አለመርሳቱን ያኔ አወቅሁ። የሸሚዙን ጫፍ አሁንም ያሻሽ ነበር፤ ጠላቴ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ የረገምኩት ሰው ፊቴ ላይ የእናቱ ልጅ ሆነብኝ።

«ትጠጣለህ?» አሉት እትዬ ዘይቱና።

«ጠጥቷል ይበሉ ነው የምለው እንጂ...»

«እንዲያ ከሆነ አልልም።»

«እናቴ፣ አገር ሙሉ ላድን ነው የመጣሁት!»

«አላህ ይስጥህ። ግን በእኔ እጅ ውሸት የለም። አርባ ሦስቱን ለምን ያጠጣኋቸው ይመስልሃል? አንተ ከእነሱ በምን ትበልጣለህ? የሌሎቹ ግማሽ ነበር፤ አንተ የደሴ ሰው ነህ፣ ምግብ አላጣህም። ያንተ ሙሉ ነው።» ከዚያም ከቤት ገብተው ለራሳቸው የሸሸጓትን የመጨረሻዋን እስር ኮሶ አወጡ። «ነገ ማታ እራት አትብላ።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከቤታቸው ነበርኩ። ደምመላሽ ቅሏን ተቀብሎ አሸተተና ፊቱ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። እትዬ ዘይቱና አፍንጫውን ያዙለት። ጨለጠው። «እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገኝ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት አልተናገረም።

መንገዱ ላይ ስወርድ አራት ኡራሎች ቆመዋል። አዛዡ ሃምሳ አለቃ ጢማቸው የሸበተ ሰው ነበሩ።

«ደምመላሽ የታለ?»

«ኮሶ ጠጥተዋል ጌታዬ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ሃምሳ አለቃው ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ወደ ዳገቱ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። እኔም ልክ እንደ አያ ሀምዱ ሰማዩን ማየት ጀመርኩ።

«ያ ሰውዬ መቼም ቀን አያውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ይሁን እንግዲህ። ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠራም።» ወደ ሾፌሩ ዞረው «አዙር» አሉት። መኪኖቹ አቧራውን አስነሥተው ወደ ሸንተረሩ ማዶ፣ ወደ ሌላው ቀበሌ ሄዱ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ከወይራው ሥር ሰው ሁሉ ቋጠሮውን ታቅፎ ተቀምጧል። «ሄዱ!» ስላቸው መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አልጣሽ የዘር ገብሷን ከረጢት መሬት ላይ ዘርግፋ እላዩ ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። እንድሪስ «አልሃምዱሊላህ» እያለ እንየውን ተሸከመው። እማማ አባይነሽ «የእኔ ጠብታ ናት የሠራችው» ብለው ለሁሉም ሰው ተናገሩ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ወደ እትዬ ዘይቱና ቤት ስደርስ ደምመላሽ ግድግዳ ተደግፎ አጥሚት ይጠጣል። እንደ አመድ ነጥቷል፤ ግን ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ። ከአርባ ሦስቱ ሰው ትል የወጣላቸው ሦስት ናቸው። ለእሱ ግን ወጥቶለት ነበር፤ ከነራሱ፣ ያን የሚያህል። የፒያሳ ቁርጥ በከንቱ አልቀረም። እትዬ ዘይቱና እንደ ልጃቸው ልደት ደስ ብሏቸው «ይህን ይዘህ አገር ልታሰፍር!» እያሉ ይስቁበታል።

«ሄዱ እትዬ» አልኳቸው። «አዙረው ሄዱ።»

«አልሃምዱሊላህ። ወረቀቱን አንብብልኝ።»

ከኪሴ አውጥቼ አርባ ሦስቱን ስም አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፤ ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ «ኮሶ ጠጥቷል»። በየስሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«አሁን እውነት ነው» አሉ። «ይህን ልጅም ጨምርበት።»

አርባ አራተኛ አድርጌ ጻፍኩት። ወረቀቱን ሳጥፍ እጃቸውን በእጄ ላይ ጫኑ።

«መኪኖቹ ወዴት ሄዱ?»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ግን መድኃኒቱ ገና ከቅሏ አልታጠበም።

«ወደ ሸንተረሩ ማዶ።»

ደምመላሽ አጥሚቱን አስቀመጠ። እትዬ ዘይቱና እጃቸውን ከእጄ ላይ አነሡ። ሳቃቸው ጠፍቶ ነበር።

«እነሱ ኮሶ አጠጪ የላቸውም እንዴ?» አሉ።

ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ከሴቴዋ ዛፍ ሥር ቆመው አንጋጠው ያያሉ፤ ገና በደንብ ያልበሰሉ ጥቂት የኮሶ አበባዎች ጫፉ ላይ ተንጠልጥለዋል። ከሦስት አንዱን ቆርጦ ሁለቱን መተው ነበር ሕጋቸው። ያን ቀን ግን አንድም አላስቀሩም፤ እኔን አስወጥተው ሁሉንም አስለቀሙኝ። እሁድ ጠዋት ጥሬውን አበባ በጀርባቸው አዝለው፣ ትንሿን ቅል በገመድ ወገባቸው ላይ አስረው፣ በሸንተረሩ መንገድ ወደ ማዶ ሲሄዱ አየኋቸው።